ራሷ ቅቤ እስኪሸት

ልጄ ትዕግስት ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ የቁንጅና ዕቃ መሸጫ ከከፈተች ወዲህ፣ እኔ ዕድሜዬን በቅባት እህል ንግድ የጨረስኩት ሰውዬ፣ ሳልወድ በግዴ የሽቶ ዓይነት መለየት ተምሬአለሁ። ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ወንበር አውጥቼ ፀሐይ እሞቃለሁ። እኔ ሱቅ መጠበቅ እለዋለሁ፤ እሷ ደንበኛ ማባረር ትለዋለች። ባለፈው ማክሰኞ እንደ ልማዴ ተቀምጬ መንገደኛውን ስቆጣጠር ከኋላዬ አንድ ሽታ መጣና ትከሻዬን እንደሚያውቀኝ ሰው ነካ አደረገኝ። ዞር ስል ትዕግስት ከጀሪካን ወደ ጣት የምታክል ቡናማ ጠርሙስ ዘይት እየቀዳች ነው። ጠርሙሷ ላይ ቅጠል ተስሎ «ለቆዳና ለፀጉር፤ ከዕፅዋት ብቻ» ይላል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት፣ እያወቅሁት።

«የኑግ ዘይት ነዋ አባዬ። ሳይታመስ የተጨመቀ። አሁን ሰው የሚጠይቀው ይሄን ነው።»

ዋጋውን ስትነግረኝ ባርኔጣዬን አስተካከልኩ። «በዚህ ገንዘብ እኔ በጉርምስናዬ ከአማኑኤል እስከዚህ ድረስ ያለውን ኑግ ከነአበባው እገዛው ነበር።»

«ያኔ ብር ብር ነበር፤ እሱን ተወው። ይልቅ እንዲህ ዙርልኝ።» ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነች። «ዕድሜህን ሙሉ ኑግ ሸጠሃል። ለቆዳ፣ ለፀጉር ምን እንደሚጠቅም ተናገርልኝና ልልቀቀው። ሰው ሽማግሌ ያምናል።»

«ሽማግሌ ያምን ይሆናል። ስለ ፀጉር ዘይት የሚያወራ መላጣ ግን ማን ያምናል?» ብዬ ባርኔጣዬን አነሳሁላት። ሳቀችና ደንበኛ ገብቶባት ተወችኝ። እኔ ግን ከሽታው መላቀቅ አልቻልኩም። ያልታመሰ ኑግ ሽታው ለውዝም አይደል፣ ሣርም አይደል። ዝናብ ገና ያባራበት ማሳ መሃል የቆምክ ይመስልሃል። ወቅቱም ጥቅምት ነው፤ ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ ያለው ማሳ ሁሉ ቢጫ ለብሷል። እንዲህ ያለ ሽታ እንዲህ ባለ ወር ሲመጣ ሰው ወንበሩ ላይ አይቆይም፤ ሥጋው ይቀመጥና ሌላው ይሄዳል።

ዘመኑን በቁጥር አልናገርም። ነጋዴ ቁጥር የሚናገረው ሲሸጥ ነው። ሬዲዮው ከዘፈን ይልቅ ሰልፍ የሚያበዛበት፣ ጎረምሳው እግሩ ላይ የሚሰፋ ሱሪ ለብሶ የአስፋልቱን አቧራ በነጻ የሚጠርግበት ጊዜ ነበር በሉት። ቢራ ጠርሙስ ሙሉ የኑግ ዘይት በአንድ ብር ከስሙኒ ይሸጥ ነበር፤ ጠርሙሱን ይዞ ለመጣ ስሙኒዋን እቀንሳለሁ፤ ቆንጆ ለሆነች ደግሞ ጠርሙሱን ረስቼላት እቀንሳለሁ። ሱቄ ገበያው መግቢያ ላይ፣ ጨው ተራ የሚያልቅበት ጥግ ነበር። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ባለ ፎቅ ቆሞ መስታወቱ ፀሐዩን ወደ ሰው ዓይን ይመልሳል። ያኔ ግን የቆርቆሮ ክዳን፣ አንድ ሚዛን፣ በእጅ የሚዞር የብረት መጭመቂያና የማያልቅ የፋጉሎ ክምር ነበረኝ። ፋጉሎ ማለት ኑጉ ተጨምቆ የሚቀረው አሰሩ ነው፤ ለከብት ይሸጣል። ከአንድ ኑግ ሰውም ከብትም ይጠግባል፤ ነጋዴውም በመሃል ይኖራል።

አሁን የምናገረውን የዛሬ ልጆች ስለማያውቁት ቀስ ብዬ ልንገራቸው። በእኛ ሰፈር ያኔ የሚጾመው አፍ ብቻ አልነበረም፤ ራስም ይጾማል። ሴቶቹ በፍስክ ቅቤ ይቀባሉ። ጾም ሲገባ ግን ቅቤው ከወጥ እንደሚወጣ ሁሉ ከፀጉርም ይወጣል፤ ራስ በሙቅ ውኃ ታጥቦ የኑግ ዘይት ይተካል። ስለዚህ ቀኑን ለማወቅ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር አያስፈልግህም፤ አንዲት ሴት በአጠገብህ ስታልፍ ትንፋሽህን መሳብ ነው። ቅቤ ከሸተተች ፍስክ ነው፤ ኑግ ከሸተተች ጾም። ሁዳዴ ሊገባ ሲል የእኔ ሱቅ ሠርግ ቤት ይመስል ነበር። ለሌላው የነፍስ ጉዳይ የሆነው ለእኔ ወቅት ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሁለቱም ግን ገበያ ናቸው።

ታዲያ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ያለው ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው። የሚጾሙት መነኩሴ፣ ባልቴትና ስለት ያለበት ሰው ናቸው። ወጣት አይጾመውም፤ ወጣት ነጋዴማ ስሙንም አያነሳው። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ነው እንግዲህ አንዲት ቀጠን ያለች፣ ግንባሯ እንደ ተወለወለ ብርጭቆ የሚያበራ ሴት ሱቄ ደጃፍ ላይ የቆመችው። ባለ ጥልፍ ሹራብና ጉልበቷን የሚያልፍ ጉርድ ለብሳለች፤ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማዋን ገበያው ጭቃ አጉርሶታል።

«ደህና ዋሉ። ሳይታመስ የተጨመቀ የኑግ ዘይት ይኖራል?»

ሳይታመስ! እኛ ኑጉን ሞቅ እናደርገዋለን፤ ዘይቱ እንዲበዛ። «ለወጥ ነው?» አልኳት።

«ለራሴ ነው። ለፀጉሬም ለፊቴም።»

«ሳይታመስ ዘይቱ ይቀንሳል። ዋጋው ይጨምራል።» ነጋዴ ልቡ ሲደነግጥ አፉ ቀድሞ ዋጋ ይናገራል።

«ይጨምር። አቶ…?»

«ሙሉቀን።»

«እሺ አቶ ሙሉቀን፤ ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ከዚያ በፊት «አንተ ኑጉ» እንጂ «አቶ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ያን ቅዳሜ ኑጉን ራሴ አበጠርኩት፤ አጥቤ ሰሌን ላይ አሰጣሁት፤ መጭመቂያውን ቀስ ብዬ አዞርኩት፤ በነጭ ጨርቅ አጥልዬ እስኪጠልል ተውኩት። ጠጅ የመሰለ ዘይት ወጣ። ሌንሴ ትባላለች፤ ከነቀምት ተመድባ የመጣች መምህርት። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ምግብ ቤት ካላት ከእትዬ ብርቄ ጓሮ ክፍል ተከራይታለች። ዘይቱን እዚያው እያየኋት ሞከረችው፤ ሁለት ጠብታ መዳፏ ላይ አድርጋ እስኪሞቅ አሸችው፤ መጀመሪያ የፀጉሯን ጫፍ፣ ቀጥሎ ክርኗን፣ የተረፈውን ከንፈሯን አስነካችው። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ንፋስ የእኛን ሰው ተረከዝ እንደ በጋ ማሳ ሲሰነጥቀው እሷን አልፏት የሚሄደው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ቅቤ ፀሐይ ሲያገኘው ቀልጦ አንገት ላይ ይወርዳል፤ ዝንብ ይጠራል። ይሄ ግን ቆዳው ውስጥ ገብቶ ዝም ይላል። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷን አይቼ እጄን በዘይቱ ማሸት ያዝኩ፤ ገበሬዎቹ «ሙሉቀን ምን ነካው፣ እጁ እንደ ቄስ እጅ ለሰለሰ» እስኪሉ ድረስ።

ነገሩ የተበላሸው በእትዬ ብርቄ አፍንጫ ነው። እትዬ ብርቄ ወፍራም፣ ደግ፣ ሁሉን ነገር ሳትጠይቅ የምታውቅ ሴት ነበረች። ተከራይዋ በጽጌ ኑግ ኑግ ስትሸት አንድ ጊዜ ሳበችና ፈረደች። ምሳ ልበላ ስገባ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ «መምህርቷ ጽጌን ትጾማለች! እንዲህ ያለች ልጅ፣ ከዚያ ሁሉ አገር መጥታ!» አለችኝ።

«ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ግን አላየኋትም» አልኳት።

«ትሕትና ነዋ! ብቻዋን ቤቷን ዘግታ ትጸልያለች፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንተ ምን ታውቃለህ፤ ያንተ ጸሎት ‹ጨምር፣ ቀንስ› ነው።»

ከዚያን ቀን ወዲያ ሌንሴ ገና ከበሩ ስትገባ እትዬ ብርቄ ወደ ጓዳ «ለመምህርት የጾም!» ብላ ትጣራለች። ሽሮ ይመጣል፤ ሌንሴ አመስግና ትበላለች። እኔ ደግሞ፣ በሕይወቴ ከጥብስ ሌላ ምሳ የማላውቀው ሰውዬ፣ በዚያው የመጀመሪያ ቀን እሷ ያለችበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ «ለእኔም የጾም» አልኩ። ምን ልበል? ጾመኛ ሴት ፊት ሥጋ መጎተት አሳፈረኝ። እትዬ ብርቄ ግንባሯን አማተበች፤ የተአምር መጀመሪያ መሰላት።

ያ ጠረጴዛ መስኮቱ ጋ ነበር፤ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ሌንሴ ቆርኪ አጥፋ ታስገባለት ነበር። እዚያ ላይ ነው የኖርኩት። እሷ ስለ ተማሪዎቿ ትነግረኛለች፤ እኔ ስለ ኑግ ዋጋ። ወለጋም ኑግ እንደሚዘራ፣ ማሳው ሲያብብ ንቡ ከአበባው እየተሳሳተ እሷን ይከተላት እንደነበር አጫወተችኝ። «ንብ አይሳሳትም» ልላት ፈልጌ «ማሩ እዚያ ኪሎው ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ከጥግ ያለው ቴፕ አንዲት ድምፅዋ የሚቆራረጥ የክራር ካሴት ይደጋግማል፤ ከጓዳ ጥብስ ይንጫጫል። ሽታው ሲመጣ ሁለታችንም ለአፍታ ዝም እንላለን። እኔ የእሷን ዝምታ ጸሎት ነው እል ነበር።

እንግዲህ ልቤን ልነግራት ቆርጬ ነበር። ግን በዚህ ዕድሜዋ ጽጌን የምትጾም ስለት ቢኖርባት ነው፤ ስለት ላይ ላለ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም፤ ስለቱ ምን እንደሆነም አይጠየቅም፤ ነውር ነው። ስለዚህ በነጋዴ አእምሮዬ ውል ገባሁ፤ ራሷ ቅቤ የሸተተ ቀን እነግራታለሁ። ጽጌ አለፈ፤ ሌንሴ ኑግ ሸተተች። የነቢያት ጾም ገባ፤ እሱስ የሁላችንም ነው። ገና ነጋ፤ ከተማው በሙሉ ቅቤ በቅቤ ሆነ፤ ሌንሴ ኑግ ሸተተች። «ከባድ ስለት ነው» አለች እትዬ ብርቄ፤ «ምናልባት ዲማ ልትገባ አስባ ይሆናል።» ገዳም! ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ ከሌላ ወንድ ጋር ለመወዳደር ነበር የተዘጋጀሁት፤ ከጻድቃን ጋር አልነበረም።

የመጨረሻ ተስፋዬ ፋሲካ ነበር። አዲስ ኮት አሰፋሁ፤ ባለ ሁለት ቁልፍ፣ ቡናማ። ጠዋት እትዬ ብርቄ ቤት ስደርስ ሌንሴ ነጭ ለብሳ ወጣች። «እንኳን አደረሰዎ» ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉንጬን ሳመችኝ፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሼን ሳብኩ። ኑግ። ንጹሕ፣ ያልታመሰ፣ በገዛ እጄ የጨመቅሁት ኑግ። እትዬ ብርቄ ዶሮውን ለቤተሰቡ አቀረበችና ለሌንሴ ለብቻዋ ሽሮ አመጣች፤ «በፋሲካ መጾም ሕጉ አይፈቅድም፤ ቢሆንም የልጅቷን ነገር የሚያውቀው እግዜር ነው» አለች። ሌንሴ ሽሮውን አየችው፤ እኔን አየችኝ። እኔም ከዶሮው ትሪ ተነስቼ ከእሷ ጋር ቀረብኩ። በዓለም ላይ በፋሲካ ጠዋት በፈቃዱ ሽሮ የበላ ነጋዴ ካለ ይምጣና ይጨብጠኝ።

ሰኔ ላይ ዝውውሯ ደረሰ፤ ወደ አገሯ። መናኸሪያው ያኔ አጥር አልነበረውም፤ ዝናቡ በአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ እንደ ቆሎ ይረግፍ ነበር። ሁለት ጠርሙስ ዘይት በጋዜጣ ጠቅልዬ ሄድኩ። ሻንጣዋ ተጭኗል፤ እሷ በሩ ጋ ቆማለች።

«ይህን ሁሉ ለምን ደከሙ፣ አቶ ሙሉቀን?»

«ስለትዎ እስኪፈታ ያደርስዎታል ብዬ ነው።»

«የምን ስለት?»

«ቅቤ የተዉበት ነዋ።»

ግንባሯን ቋጠረች። «ቅቤ? ቅቤ እኮ ግንባሬን ሽፍ ያደርገዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ እናቴ ናት ኑግ ያስለመደችኝ። ኑግ አያሳክከኝም።»

«ሽሮውስ?» አልኩ። ድምፄን ራሴው አላውቀው አልኩ።

«ሽሮውማ ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ! እኛ ቤት እንደ እናንተ ዓይነት ጾም የለም። እትዬ ብርቄ ገና በመጀመሪያው ቀን ሽሮ አቀረበችልኝ፤ ልመልሰው ስል እርስዎ ‹ለእኔም የጾም› አሉ። እንዲህ ያለ ጾመኛ ሰው ፊት እንዴት ሥጋ ይታዘዛል? በፋሲካ እንኳን ሲጾሙ ሳይ፣ ‹ይሄ ሰው መመንኮሱ ነው› ብዬ አዘንኩ።»

«እኔ? ጾመኛ?»

ተያየን። ከዚያ ሳቅን። እሷ የአውቶቡሱን በር ይዛ፣ እኔ ጉልበቴን ይዤ፣ ዝናቡ ኮቴ ውስጥ እየገባ፣ ዓይናችን እስኪያነባ ሳቅን። ሳቁ ግን ሁለታችንንም እኩል ለቀቀን። ፊቷ ተለወጠ።

«ጥብስ እወዳለሁ እኮ» አለች ቀስ ብላ።

ከመስከረም ጀምሮ ያጠራቀምኩት ቃል ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰለፈ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «ዘይቱን ፀሐይ ላይ እንዳያስቀምጡት፣ ይበላሻል» የሚል ነበር። ራሷን ነቀነቀችና አውቶቡሱ ላይ ወጣች። መስኮቱ በጉም ተሸፍኖ ስለነበር እጇን እንጂ ፊቷን አላየሁም። አውቶቡሱ የቡሬን መንገድ ይዞ ሄደ።

ለምን አልተከተልካትም ትሉኝ ይሆናል። ያ ዘመን ሰው ሰውን እንደ ልቡ የሚከተልበት አልነበረም፤ መንገዱም፣ ወሬውም፣ ሃይማኖቱም በየተራ ኬላ ነበራቸው። ይህ ግን ለሌላ ሰው የምሰጠው መልስ ነው። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። እኔም ቆይቼ አስካልን አገባሁ፤ ያገባኋት አመዛዝኜ ነው፣ ሚዛኔም አልዋሸኝም። ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ፣ እጇ እንደ ማር የሆነች ሴት። ነገር ግን በየዓመቱ ማሳው ቢጫ ሲሆን ጥብስ ጉሮሮዬን አላልፍ ይለኛል። ጽጌን እጾማለሁ። የደብሩ ሰዎች በዚህ የተነሳ አክብረውኝ በማኅበር ላይ የፊት ወንበር ይሰጡኛል፤ «ነጋዴ ሆኖ ጽጌን የማያስታጉል» ይሉኛል። ምን ብዬ ላርማቸው?

«አባዬ፣ ተኛህ እንዴ?» ትዕግስት ስልኳን ይዛ ከፊቴ ቆማለች። «በል እንጂ፤ እየቀዳሁ ነው።»

እኔም ለስልኩ የማውቀውን ተናገርኩ። የኑግ ዘይት ፀጉር አያበቅልም፤ ቢያበቅል እኔ ዛሬ ጎፈሬ ነበርኩ። የደረቀ ፀጉር ግን ያለዝባል፣ ሲበጠር እንዳይሰበር ያግዛል፣ ያበራል። የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ የሻከረ ክርን፣ ንፋስ የመታው ከንፈር ይወደዋል። ትንሽ ነው የሚበቃው፤ ሁለት ጠብታ፣ መዳፍ ላይ እስኪሞቅ አሽቶ። መጀመሪያ ክንድ ላይ ይሞከር፤ የሁሉ ሰው ቆዳ አንድ አይደለም። ቅቤ የማይስማማት ሴትም አለች።

«ይቺን የመጨረሻዋን ከየት አመጣሃት?» አለችኝ።

«ከደንበኛ» አልኳት። «ደግሞም ፀሐይ ላይ አታስቀምጪው፤ ይበላሻል።»

ለማሳያ ያፈሰሰችልኝን ዘይት እጄ ላይ አሽቼ ቤት ገባሁ። አስካል ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰሐን አስቀምጣለች፤ የእሷ ጥብስ፣ የእኔ ሽሮ። ትዳራችን ገና ትኩስ እያለ፣ አንድ ምሽት ጠጅ አስክሮኝ፣ ያንን የአውቶቡስ ነገር እስከ መጨረሻው ነግሬአት ነበር። ያን ምሽት ስቃ ተኛች፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። አሁን እጄን ያዘችና ወደ አፍንጫዋ ወሰደችው።

«ስማ ሙሉቀን» አለች፤ እጄን ሳትለቅ፤ «ያቺ መምህርትህ ጥብስ እወዳለሁ ብላህ አልነበር?»

«ብላኝ ነበር።»

«ታዲያ ለማን ብለህ ነው የምትጾመው?»

የጥብሱን ሰሐን ወደ መሃል ገፋ አደረገችው፤ ለእኔም እንዲደርስ። ቀይ ሽንኩርቱ ከነቃሪያው ይጤሳል። ተነስቼ እጄን በሳሙና ታጠብኩ፤ ደግሜ ታጠብኩ፤ ሽታው አልለቀቀም። ተመልሼ ተቀመጥኩና ሽሮዬን ጎረስኩ። አስካል ግን ከጥብሱ ያጠቀሰችውን አንድ ጉርሻ ራሷ አልጎረሰችውም፤ ለእኔ እንደ ያዘችው እስክጨርስ ጠበቀችኝ።